ስለ አሳብ ሸክምና ስለ መስፈሪያው

አባቴ በአህያ የሚነግዱ ሰው ነበሩ። ከገበያ ወደ ገበያ ጨውና እህል እያመላለሱ እኔንና አምስት ወንድሞቼንና እኅቶቼን አሳደጉን። በልጅነቴ አብሬያቸው ስሄድ አንድ የማይተውት ልማድ ነበራቸው። ወንዝ በተሻገርን ቍጥር፥ ወይም ዳገት ጨርሰን ሜዳ በያዝን ቍጥር፥ ጉዞውን ያቆሙና እጃቸውን ከጭነቱ ሥር አስገብተው የእያንዳንዷን አህያ ጀርባ ይዳብሳሉ። ላብ ብቻ ከሆነ ይተዋታል፤ ቆዳው ሞቆ አህያዋ ስትነካ ከሸሸች ግን የቱንም ያህል ቢመሽ ጭነቱን አውርደው እንደገና ይጭኑታል፤ ከሌላይቱም ጋር ያካፍሉታል። እኔ ረኃቡ ስለሚብስብኝ አንድ ቀን፥ «አባባ፥ ዝም ብላ እየሄደች አይደለም ወይ? ለምን ያቆሟታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዝም ማለቷ ነው የሚያስፈራኝ፤ ገጣባ የሚወጣው ዝም በምትለዋ ላይ ነው» አሉኝ።

እኔ ነጋዴ አልሆንሁም፤ ሐኪም ሆንሁ። በአንገቴ ላይ ከማዳመጫው በቀር የምሸከመው ነገር የለም። ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ፤ ዝናብ አይመታኝም፥ ፀሐይ አያቃጥለኝም። አባቴ በሕይወት ሳሉ ሊጠይቁኝ መጥተው አንድ ቀን ሙሉ በበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ ዋሉና ማታ፥ «ልጄ፥ እግዜር ይመስገን፥ ያለ ሸክም የሚበላ እንጀራ አገኘህ» ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ። እራት ቀርቦ የገዛ ልጄን ወደ ገበታው ልጠራ ስል ግን ከአፌ የወጣው ከቀትር በኋላ ያየሁት የአንድ በሽተኛ ልጅ ስም ነበረ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

አንባቢ ሆይ፥ በወረዳ ከተማ የሚሠራ ሐኪም ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ አላየህ እንደ ሆነ ጥቂት ልንገርህ። በገበያ ቀን ስልሳም ሰባም ሰው ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩንም ከሆዱ ሕመም አይጀምርም፥ ከድንበር ክርክሩ ወይም ከሞተችበት ላሙ ይጀምራል። ሐኪሙ በሰፌድ እንደምታበጥር ሴት ፍሬውን ከገለባው መለየት አለበት። ከብዙ ራስ ምታት መካከል አብዛኛው በእንቅልፍ የሚድን ነው፤ አንዱ ግን የማጅራት ገትር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በሩን ሲገቡ መልካቸው አንድ ነው። ሥራው መድኃኒት መጻፍ አይደለም፤ ይህንስ እጅ ይለምደዋል። ሥራው ሳያቋርጡ መጠርጠር ነው። በዚያ ላይ የአንደኛው በሽተኛ ደም ለምርመራ ሄዷል፥ ውጤቱ ሲመጣ ምን ጠርጥረህ እንደ ላክኸው ማስታወስ አለብህ፤ ልትጽፈው ያሰብኸው መድኃኒት ትናንት ማለቁን ማስታወስ አለብህ፤ አዋላጂቱ በሩን አንኳኵታ «ዶክተር፥ ምጡ አልገፋ አለ» ብላ ሄዳለች፤ የወሩ ሪፖርት እስከ ማታ ይፈለጋል፤ ስልኩም ይጮኻል።

ጆርጅ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1956 ባወጣው ዝነኛ ጽሑፉ፥ የሰው አእምሮ ባንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ነገር ሰባት ያህል፥ ሁለት ቢጨመርበት ወይም ሁለት ቢቀነስለት ነው ብሎ ነበረ። (የውጭ አገር ሥራዎችን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ይወቅልኝ።) ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ሰባቱ ይበዛል፥ አራት ያህል ነው ይላሉ። እኔ በገበያ ቀን ከቀትር በኋላ ስንት እንደምይዝ ራሴን ታዝቤ ዐውቃለሁ፤ ቍጥሩን ለመጻፍ ግን አፍራለሁ።

ጥር 8 ቀን 2011 ዓ.ም. ረቡዕ ነበረ፤ ገበያ ነው፤ ለጥምቀት የቀረው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በዓል ሲቃረብ ሰው ሁሉ ሕመሙን ከበዓሉ በፊት ሊያራግፍ ስለሚመጣ ግቢው ሞልቶ በአጥሩ ሥር ሳይቀር ተቀምጠው ነበረ። በዚያ ቀን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጣች አንዲት ወጣት አጥኚ ወረቀቶች ይዛ ስትጠብቀን ዋለች። በሕዝብ መካከል የሚሠሩ ሐኪሞች የሚሸከሙትን የአሳብ ሸክም ልትለካ ነው የመጣችው። «የአሳብ ሸክም ይለካል ወይ?» ብዬ እንደ መቀለድ ብላት በትሕትና አስረዳችኝ፤ እኔም በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብሁ።

መስፈሪያው የተወለደው በሐኪሞች ዘንድ አይደለም፤ በአውሮፕላን ነጂዎች ዘንድ ነው። በካሊፎርንያ በሚገኘው በኤምስ የምርምር ማዕከል፥ ማለት በአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በናሳ ሥር፥ ሳንድራ ሃርትና ሎዌል ስቴቭላንድ የሚባሉ ተመራማሪዎች ብዙ ዓመት ከሠሩበት በኋላ በ1988 አሳተሙት። ምክንያቱም ግልጽ ነበረ። አውሮፕላን ነጂ እጁ አይዝልም፥ ወገቡ አይጎብጥም፤ ነገር ግን በፊቱ የተደረደሩት መቍጠሪያዎችና መብራቶች ሲበዙበት ይሳሳታል፤ የሱም ስሕተት በመቶ የሚቈጠር ሰው ይገድላል። ስለዚህ አእምሮው ከመሙላቱ በፊት መሙላት መጀመሩን የሚነግር ነገር ያስፈልግ ነበረ። የደረሱበት መፍትሔ በጣም ቀላል ስለ ሆነ መጀመሪያ ስሰማው ንቄው ነበረ፤ ሰውዬውን መጠየቅ ነው።

ጥያቄዎቹ ስድስት ናቸው። ሥራው አሳብህን ምን ያህል ጠየቀ? ጉልበትህንስ? ጊዜው ምን ያህል አጣደፈህ? ሥራውን ምን ያህል አሳካኸው? እዚያ ለመድረስ ምን ያህል ጣርህ? ምን ያህልስ ተበሳጨህ፥ ተጨነቅህ፥ ተስፋ ቈረጥህ? በእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር በ20 እኩል ክፍል የተከፈለ አንድ መስመር ተሠምሯል፤ ምልክት ታደርግበታለህ፤ ከዜሮ እስከ መቶ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ ስድስቱ ነገሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ 15 ጊዜ ይቀርቡልህና ከሁለቱ የበለጠ የከበደህን ትመርጣለህ፤ የመረጥኸውም በስሌቱ የበለጠ ይመዝናል። ብዙ አጥኚዎች ይህን ሁለተኛውን ክፍል ለማሳጠር ይተውታል አሉ፤ እኔ ግን ከሁሉ የወደድሁት እሱን ነበረ፤ ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ «ከሰደበህና ካስጠበቀህ የቱ ነው የቈረቈረህ?» ብለው እንደሚጠይቁት ያለ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች አንዱን ጊዜ፥ ሁለተኛውን ብስጭት ሊገድለው ይችላልና።

ሸክምን ከመታከት ጋር አንድ የሚያደርጉት አሉ፤ አንድ አይደሉም። መታከትን የሚለካው ሌላ ነው፤ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን በ1981 ያወጡት ነው። ሸክም የዛሬ ነው፤ መታከት የብዙ ዛሬዎች ድምር ነው። በኔ አገላለጽ አንደኛው ጭነቱ ነው፥ ሁለተኛው ገጣባው ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው በሽተኛ ወጣ፤ አጥኚዋም ወረቀቱን አቀረበችልን። በዚያን ጊዜ እኔና አንድ ከትምህርት ቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወጣት ሐኪም ብቻ ነበርን። ወንበሩን ስቦ ከአጠገቤ ተቀመጠ። እኔ አሳብ በሚለው መስመር ላይ 30 ላይ ምልክት አደረግሁ፤ ጊዜ በሚለው 35፤ ብስጭት በሚለው 10። ጠዋት ከገባሁ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስሁም ነበረ። ታዲያ ለምን ይህን ጻፍሁ? ስለ ጥድፊያ አይደለም፤ እውነቱን ለመጻፍም የሚፈጀው ያንኑ ያህል ጊዜ ነው። የጻፍሁት ወጣቱ ስለሚያየኝ ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሠራ ሰው «ከበደኝ» ብሎ በብዕር ሲጽፍ ተማሪው እንዲያየው አልወደድሁም። እሱም ወደኔ ወረቀት ሰረቅ አድርጎ አየና የራሱን ጻፈ። የሱም ከኔ ብዙ አልራቀም፤ እንዲያውም ከኔ አንዳንድ ነጥብ ዝቅ ያለ ነበረ። ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ የኔ ውሸት ሳይሆን የሱ ውሸት ነው፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝና።

በዚህ መካከል አንድ ነገር ሆነ። «ሥራውን ምን ያህል አሳካኸው» በሚለው መስመር ላይ፥ ቀኙ ሁልጊዜ ከፍተኛ ነው ብዬ በኩራት 85 ላይ ምልክት አደረግሁ። አጥኚዋ አይታ፥ «ይቅርታ ዶክተር፥ በዚህኛው መስመር ብቻ መልካሙ በግራ ነው፤ ቀኙ መክሸፍ ነው። እንዲህ ሊሉ ፈልገው ነው ወይስ ተሳስተው?» አለችኝ። ይህ መስመር ከሌሎቹ መገልበጡ ብዙ ሰው ያሳስታል። «ተሳስቼ ነው እንጂ!» ብዬ ሳቅሁና 15 ላይ አዛወርሁት። እሷም አመስግና ወረቀቷን ሰብስባ ሄደች።

በሚያዝያ ወር አንድ ገበሬ የሦስት ዓመት ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ይዞ ገባ። ልጅቱ ሁለት ሳምንት ትኩሳትና ትውከት ነበረባት፤ አሁን ዓይኗን መክፈት አቅቷታል፤ አንገቷ ግትር ብሏል። አባትየው ሲያስረዳኝ ሦስት ጊዜ በሳል ተቋረጠ። ልብሱ ሰፍቶታል። የልጅቱን ነገር በአጣዳፊ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ከላክሁ በኋላ የሱን ካርድ አስወጣሁ። በካርዱ ላይ የኔ ጽሕፈት አለ፤ ቀኑ ጥር 8 ነው። «ሳል» ይላል፤ ከሥሩ ለአንድ ሳምንት የሚዋጥ መድኃኒት ተጽፏል። ሳሉ ለስንት ጊዜ እንደ ቈየ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

ሐኪም ላልሆነ አንባቢ የዚህን ባዶ ቦታ ክብደት ላስረዳ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳ ተጠርጥሮ አክታ መመርመር አለበት፤ ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳይቀሩ ያውቁታል። በጥር ጊዜ ሳሉ ሦስት ሳምንት ሆኖት እንደ ነበረ አሁን ስጠይቀው ነገረኝ። አክታው ተመርምሮ ነቀርሳው ታውቆ ቢሆን ኖሮ በቤት ውስጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሉ ወይ ተብሎ ይጠየቅ ነበረ፤ ልጅቱም መከላከያውን መድኃኒት ትወስድ ነበረ። መድኃኒቱ በዚያን ዕለት በመደርደሪያችን ላይ ነበረ። የነቀርሳ ማጅራት ገትር ሆኖ ተገኘ። አሥራ ሁለት ወር ታከመች፤ ዳነች፤ ግራ እግሯን ግን እስከ ዛሬ ትጐትታለች።

ለአባትየው እውነቱን ነገርሁት። መንገር ይገባኛል ብዬ ሁለት ሌሊት ካሰብሁ በኋላ፥ ሕክምናውን ሊወስድ በመጣበት ቀን በሩን ዘግቼ ነገርሁት። «ዶክተር፥ ያ ቀን ሰው በዝቶብዎት ነበረ፤ እኔም አይቻለሁ፤ ዓይንዎን ከወረቀቱ አላነሡም» አለኝ። ይህን ያለው ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን መስመሮቹ ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ አሳብ 30፥ ጊዜ 35፥ ብስጭት 10። ያ ሰው በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያየውን ሸክም እኔ በወረቀት ላይ ካድሁት።

በካርድ ክፍላችን የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በመተላለፊያው ቆመው ስም የሚጠሩ፥ ካርድ የሚያመላልሱ እሳቸው ናቸው። በዚያ ሰሞን መከፋቴን አይተው ኖሮ ምን እንደ ሆንሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ዶክተር፥ አይቈጡኝ እንጂ እኔ እርስዎ ሲደክምዎት ዐውቃለሁ» አሉኝ። በምን? አልኋቸው። «በሰላምታዎ ነዋ! ጠዋት ጠዋት ሰው ሲገባ ‹እንዴት አደሩ? ልጆቹ ደኅና ናቸው? ከብቱስ? ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?› ይላሉ። ወደ ቀትር ሲሆን ከብቱ ይቀራል። ከዚያ ልጆቹ ይቀራሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ‹እ? ምን ሆንህ?› ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ እኔ ካርዱን ቀስ ብዬ ነው የማቀርበው።»

እኒህ ሴት ስለ ካሊፎርንያው መስፈሪያ ሰምተው አያውቁም። ነገር ግን የተናገሩት ነገር ሊቃውንቱ ከመጠየቅ ሌላ ከሚሠሩባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ሸክምን በቀጥታ ለማየት ከመሞከር ይልቅ ለሠራተኛው አንድ ቀላል ሁለተኛ ሥራ ይጨምሩለታል፤ ለምሳሌ መብራት በበራ ቍጥር አንድ ነገር ይጫን ይሉታል። ዋናው ሥራ ሲቀል ወዲያው ይጫናል፤ ሲከብድ ይዘገያል፥ በመጨረሻም ይረሳዋል። ዶሮ ወጥ የምትሠራን ሴት ወሬ ስታወራት ቅመሙን የምትለካበት ጊዜ ሲደርስ ቃሏ በመካከል እንደሚቋረጥ ያለ ነው። ሌሎችም በዓይን ሞክረዋል፤ ዳንኤል ካህነማንና ጃክሰን ቢቲ በ1966 ሰው ብዙ ቍጥር በአሳቡ ሲይዝ የዓይኑ ብሌን እንደሚሰፋ፥ ቍጥሩን ተናግሮ ሲጨርስ እንደሚጠብብ አሳይተዋል። ዓይን ደግሞ በተማሪ ፊት አይኰራም።

የኔ መብራት ሰላምታ ነበረ። ሸክሙ ሲበዛ መጀመሪያ የምጥለው እሱን ነው፤ ትርፍ መስሎ ስለሚታየኝ። በአገራችን ግን ሰላምታ ትርፍ አይደለም። ገበሬ ስለ ራሱ ሕመም ሲጠየቅ ባጭሩ ይመልሳል፤ ስለ ልጆቹ ሲጠየቅ ግን ይናገራል። «ልጆቹስ ደኅና ናቸው?» ብዬው ቢሆን ኖሮ ያ ሰው «እኔ ይኸው ከገና በፊት ጀምሮ ስስል ሌሊት ትንሿን አላስተኛት አልሁ» ይለኝ ነበረ። ይህን እኔ ገምቼ አልጻፍሁም፤ ራሱ ሲነግረኝ የተጠቀመበት ቃል ነው። ከገና በፊት ማለት ሁለት ሳምንት ያለፈው ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ትንሿ ማለት ከአምስት ዓመት በታች ማለት ነው። የሚያስፈልገኝ ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነበረ፥ በነጻ።

ምክንያት የሚፈልግ ሰው በዓለም ሁሉ ያገኛል። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የ67 አገሮችን የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪሞች አነጻጽሮ አንድ በሽተኛ የሚታይበት ጊዜ በባንግላዴሽ 48 ሴኮንድ፥ በስዊድን 22 ደቂቃ ተኩል ሆኖ አገኘው፤ የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ በሚኖርባቸው 18 አገሮች ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። እኔም ይህን ሳነብ «ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብዬ ነበረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዊስኮንሲን ግዛት 142 የቤተሰብ ሐኪሞች ተጠንተው፥ ከሚሠሩባቸው 11.4 ሰዓታት ውስጥ 5.9 ሰዓት ያህሉን የሚያጠፉት የበሽተኛውን መዝገብ በኮምፒዩተር ላይ በመሙላትና በማየት ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጊዜ ያላቸውም ዓይናቸውን ከጽሑፍ አላነሡም ማለት ነው። የደቂቃው ቍጥር ብቻውን ሸክሙን አይናገርም፤ የሸክሙ ቍጥርም ተሸካሚው ካልተናገረ አይታወቅም።

ለአጥኚዋ ስልክ ደወልሁላት። ወረቀቴን ላርመው እችላለሁ ወይ አልኋት። ሥራው ተጠናቅቆ ውጤቱ ለሚመለከተው ክፍል ተልኳል አለችኝ። የኛ ቤት እንዴት ሆነ ብላት ጥቂት አመነታችና፥ «ከጐበኘኋቸው ሁሉ ዝቅተኛ ሸክም ያለው የናንተ ነው» አለችኝ። ሁለት ሐኪሞች ብቻ ነበርን፤ ሁለታችንም ዋሽተናል። ሦስተኛ ሐኪም ይጨመርልን ብለን በዚያው ዓመት ያቀረብነው ጥያቄ ለምን እንዳልተሳካ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ በጀትም ሰውም ያጥራል። ነገር ግን ጥያቄያችን ከራሳችን እጅ በወጣ ወረቀት ተቃራኒ ቆሞ ነበረ፤ ይህን በሌላ ላሳብብ አልችልም። ወጣቱም ሐኪም በሚቀጥለው ዓመት ሥራውን ትቶ ሄደ። ሲሰናበተኝ፥ «እርስዎ ሳይከብድዎት እኔን የከበደኝ ለዚህ ሥራ ባልፈጠር ነው ብዬ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ስለ ወረቀቱ ነገርሁት፤ አውቶቡሱ ግን ተሳፍሮ አልቆ ነበረ።

ስልኩን ልዘጋ ስል አጥኚዋ አንድ ነገር ጨመረች። «ዶክተር፥ ያቺን የተሳሳቱባትን ምልክት አልሰረዝኋትም፤ ከጐኗ ማስታወሻ ጽፌ ትቻታለሁ።» 85 ላይ ያለችውን ማለቷ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት እውነቱን የተናገረች እሷ ብቻ ነበረች።

አንዳንድ ሰዎች እንዲህ ያለውን መለኪያ ይፈሩታል፤ ፍርሃታቸውንም አልንቅም። ሚዛን በነጋዴ እጅ ሲገባ ጭነት ለመቀነስ ብቻ አይደለም፥ «ገና አምስት ቁና ትችላለች» ለማለትም ይሆናል። በመሥሪያ ቤትም የሐኪሙ ሸክም 60 ከሆነ እስከ 80 ይጨመርበት የሚል አለቃ አይጠፋም። ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎቻችን ዝቅ አድርገን ወይም ከፍ አድርገን የምንጽፈው። አባቴ ግን ሚዛን አልነበራቸውም፤ እጃቸው ነበረ። ከጭነቱ ሥር እጁን የሚያስገባ ሰው ሲኖር ነው መለኪያው ለተሸካሚው የሚሆነው። ሐኪምን በተመለከተ ያ እጅ የማን ሊሆን እንደሚገባ ብዙ ተከራክሬአለሁ፤ ከአለቃ ይልቅ አብሮ የሚሠራ ሰው ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ለእትዬ አንድ ትንሽ ደብተር ገዛሁላቸው። ሰላምታዬ በስንተኛው በሽተኛ ላይ እንዳጠረ በየቀኑ ይጽፋሉ። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ለመዱት፤ አሁን እንዲያውም ያለ ርኅራኄ ነው የሚጽፉብኝ። ደብተሩ ሦስተኛው ሆኗል። ለአለቆቻችን የምናቀርበው ሪፖርት ላይ ቍጥሩን እጨምራለሁ፤ መጀመሪያ ሲያዩት ሳቁ፥ ባለፈው ዓመት ግን አንዱ «ይህ በገበያ ቀን ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከተጠየቅሁት ሁሉ የተሻለው ጥያቄ እሱ ነበረ። ልጅቱም አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አልፎ አልፎ አባቷ ሲያመጣት ከመግባቷ በፊት የእግሯን ድምፅ በመተላለፊያው እለየዋለሁ።

ባለፈው ረቡዕ 41ኛው ሰው ሲገባ «እ? ምን ሆንህ?» አልሁት። እትዬ ከበሩ ሆነው ደብተራቸውን ሲገልጡ አየሁ። ሰውየውን ጥቂት ይታገሠኝ ዘንድ ለምኜ ወደ ግቢው ወጣሁ፤ ከቧንቧው ውኃ ጠጣሁ፤ ፊቴን ታጠብሁ፤ ተመልሼ ተቀመጥሁ። «እንዴት ዋሉ? ቤተ ሰብ እንዴት ነው?» አልሁት። የመጣው በክንዱ ላይ ስለ ወጣች እባጭ ነበረ። «ደኅና፥ እግዜር ይመስገን» አለና ቆብ የሌለውን ራሱን እያከከ፥ «ባለቤቴ ብቻ፥ ስምንተኛ ወሯ ነው፥ ራሷን ያማታል፤ ሰሞኑን ደግሞ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ትላለች» አለኝ።

ብዕሩን አስቀመጥሁና አሁን የት እንዳለች ጠየቅሁት። ከበሩ ውጪ በአጥሩ ሥር ተቀምጣ እየጠበቀችው ነበረ።